ጎርሶ የተሰቀለ ውጅግራ፦ በመንዝ የአንድ ቤተሰብ ጠመንጃ ዕድሳት

ጥር 2013 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከመሐል ሜዳ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ከዓመታት በፊት የብረት ሥራ ያስተማርኩት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የቤታችንን ውጅግራ ለአድዋ በዓል ላድሰው ጀምሬ መብራት ጠፋብኝ። ቀሪውን በምን ልጨርሰው?» አለኝ። በምን እንደጀመረው ጠየቅኩት። የሽቦ ብሩሽ በገጠመበት ግራይንደር። መብራቱ ቢመጣም እንዳትነካው አልኩትና በነጋታው ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ።

የዚያ ዓመት የካቲት 23 የአድዋ ድል 125ኛ ዓመት ነበር። በየቤቱ የቅድመ አያት ጦር፣ ጋሻ፣ ጎራዴና ጠመንጃ ከተሰቀለበት እየወረደ ነው። አብዛኛው በአሸዋ፣ በሎሚና በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ እንደ አዲስ ማንኪያ ሲያብለጨልጭ አይቻለሁ። በደስታ የተሠራ ጥፋት ስለሆነ ሰውየውን መቆጣት እንኳ ይከብዳል።

ሥራውን ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር አስቀድሜያለሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን በፈቃድ ነው። ስለዚህ የምሠራው ብረቱና እንጨቱ እንዳይበላሽ ማድረግ ብቻ እንደሆነ፣ ጠመንጃው እንዲተኩስ እንደማላደርገው፣ ወረዳው ፖሊስም እንዲያውቀው እንደምፈልግ በስልክ ነገርኩት። ቤተሰቡ የምዝገባ ወረቀት ነበረው። ወረቀቱ ላይ በብዕር «የማይሠራ» ተብሎ ተጽፏል። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ የሚወጣው መንገድ በጥር ብርድ ረጅም ነው። ቤቱ ከከተማው ወጣ ያለ፣ በድንጋይ የተካበ፣ በውስጥ በኩል በጭቃና በእበት የተመረገ የመንዝ ቤት ነው። በመደቡ ላይ እማሆይ ተቀምጠዋል፤ የልጁ አያት፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ። ጠመንጃው በጋቢ ተጠቅልሎ ከአጠገባቸው ተጋድሟል።

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ» ነው፤ ግራ ጠመንጃውን የነደፈው የጦር መኮንን ስም ነው። የ1874 ሞዴል ሲሆን ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ አለፍ ይላል። ካዝና የለውም፤ አንድ 11 ሚሊሜትር ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ እንደገና ይጎርሳል። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን፣ እኛ ለበን የምንለውን ጠመንጃ ስታወጣ ግራ ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። የመጋዘኑ ትርፍ በነጋዴ እጅ ገባ፤ ከዚያም በታጁራና በኦቦክ ወደብ አድርጎ በግመል ወደ ሸዋ ወጣ። በዚህ ንግድ የገባ ብዙ ዓይነት ሰው ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳ ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ደርሷል። ምኒልክን ግን አላገኛቸውም፤ ለሐረር ዘመቻ ወጥተው ስለነበር እንጦጦ ድረስ መከተል ግድ ሆነበት። የእሱ ጭነት ከውጅግራም የባሰ አሮጌ፣ በጉልህ፣ ማለትም ተመትቶ በሚፈነዳ ትንሽ ቆብ፣ የሚተኮስ ነበር። ለፈረንሳይ ያረጀው ለሸዋ አዲስ ነበረ ማለት ነው።

ጋቢውን ስገልጠው ጠመንጃው ሁለት ፊት አለው። ወደ ቤቱ ዞሮ የኖረው ጎኑ በምድጃ ጭስና በስብ ጥቁር ቡናማ ቅርፊት ለብሷል። ሲዳስሱት ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ጤነኛ ነው። ወደ ግድግዳው ዞሮ የኖረው ጎን ቀይ ነው፣ በጥፍር ሲነኩት ይላጣል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጉሙ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ምርጊቱም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። የታችኛው ግማሽ ደግሞ በቆዳ አፎት ውስጥ ነበር። ቆዳ ለሰው ዓይን ጥበቃ ይመስላል እንጂ ለብረት እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ቆዳው የተለፋበት ነገርም ብረት ይበላል።

ከአፈሙዙ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ደግሞ ሦስተኛ ፊት አለው፤ ነጭ፣ የተጫረ፣ እንደ አዲስ ላሜራ። ግራይንደሩ ነው። መብራት ባይጠፋ ኖሮ በሩብ ሰዓት መቀርቀሪያው ባለበት ብረት ጎን ላይ ያለው የፋብሪካ ማህተም ጋ ይደርስ ነበር። መብራት ኃይልን ያመሰገንኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቅርፊቱን በለስላሳ ብሩሽ እያራገፍኩ፣ በእጅ ባትሪ እየተመለከትኩ፣ ጠመንጃውን ጭኔ ላይ እያገላበጥኩ ቆየሁ። አፈሙዙ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ልጁ ነው። መቀርቀሪያው በዝገት ስለተያያዘ፣ ወረቀቱም «የማይሠራ» ስለሚል ሐሳቤ ላይ ምንም አልመጣም። እማሆይ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው፣

«ለመሆኑ አውጥተህለታል?» አሉኝ።

«ምኑን እማሆይ?»

«ጥይቱን ነዋ። አባቴ ባዶ ጠመንጃ አይሰቅልም ነበር።»

እጄ ቆመ። ልጁ «ኧረ እማሆይ፣ ስንት ዘመኑ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጠመንጃውን ይዤ ወጣሁና አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዙሬ ካቡ ላይ አጋደምኩት።

መቀርቀሪያው ካልተከፈተ መጉረሱን የሚያውቁበት መንገድ ቀላል ነው። ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ከጎን ሆነው በአፈሙዙ ቀስ አድርገው ይሰዳሉ፤ ሲቆም በአፈሙዙ ልክ ዘንጉ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ አውጥተው በውጭ በኩል ከበርሜሉ ጎን ያስተካክሉታል። ባዶ ከሆነ ጫፉ እስከ መቀርቀሪያው ፊት ይደርሳል። የኛ ዘንግ አራት ጣት ያህል አጠረ። የግራ ጥይት ከነእርሳሱ 7 ሴንቲ ተኩል ግድም ነው፤ አራት ጣት ማለት ነው። የጭቃ ተርብ ጎጆ ወይም የተረሳ ጨርቅ ሊሆን ይችላል ብዬ የዘንጉን ጫፍ ከእማሆይ ጧፍ በተቆረጠ ሰም ሸፈንኩና መልሼ ሰደድኩት። ሰሙ ሲወጣ መሐሉ ላይ ክብ፣ አናቱ ደፈጥ ያለ ቅርጽ ታትሞበታል፤ ዳር ዳሩን ግራጫ የእርሳስ እድፍ ይዟል።

ልጁ አሁን ፊቱ ተለወጠ። ያንን በርሜል በሞርሳ ጠርቆ ግራይንደር አስነሥቶበታል። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው መቶ ዓመትም ቢቀመጥ ባሩድ ነው፤ እንደ ጭስ አልባው በዕድሜ አይፈርስም። ያ ጥይት ከሰማንያ ዓመት በፊት ገብቶ ዛሬም ሊተኮስ ይችላል ብሎ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

ወረዳው ፖሊስ ጋ ተደወለ። በማግስቱ አንድ የመሣሪያ ባለሙያ መጣ፤ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ሥራው ላይ ቀልድ የሌለው ጎልማሳ። «የማይሠራ» የሚለውን አይቶ «የጻፈው ሰው እጀታው እንቢ ስላለው ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈው። ጠመንጃው በአፈር ከረጢት መሐል፣ አፈሙዙ ወደ ገደሉ ግንብ ዞሮ ተጋደመ። እሳት የለም፣ መዶሻ የለም። ሰው ሁሉ የዛገ ብሎን ሲያይ የሚመኘው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ይገድላሉ። መቀርቀሪያው ወደፊት በተዘጋበት የመምቻ መርፌው ጫፍ ከቀለሁ ቂጥ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል።

የተደረገው ነጭ ጋዝና ቀጭን የሞተር ዘይት ቀላቅሎ በመቀርቀሪያው ስንጥቅ ጠዋትና ማታ ጠብ ማድረግ ነው። አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ባለሙያው እጀታው ላይ ረጅም ገመድ አሰረ፣ ሁላችንም ከካቡ ኋላ ሆንን፣ እሱ ገመዱን እየላላና እየጠበቀ ሳበው። እጀታው ጢጢጥ ብሎ ተነሣ። በውጅግራ እጀታው ሲነሣ መርፌው ወደኋላ ይሳባል፤ የሚያስፈራው ክፍል በዚያች ድምፅ አለቀ። ቀለሁ ግን ተጣብቆ ስለነበር ሁለት ቀን ተጨማሪ ዘይት ጠጣ። ሲወጣ ናሱ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል፤ እርሳሱ ላይ የነበረው የወረቀት ጥቅልል ቅሪት አልለቀቀም። ባለሙያው በብልቃጥ አሽጎ፣ ፈርሞ ወሰደው። ልጁ ለማስታወሻ ይተዉልኝ ብሎ ለመነ፤ አልተሳካለትም፤ ስላልተሳካለትም ደስ ይለኛል።

ቀሪው ሥራ ከዚህ በኋላ የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

ብረቱን በአሲድ አልነካሁም። ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ የባትሪ ውሃም ቀዩን ዝገት ከጤነኛው ጥቁር ቅርፊት አይለዩም፤ ሁለቱንም ይበላሉ። ጥቁሩ የብረቱ ቆዳ ነው፣ ቀዩ ቁስሉ። ቀዩን ጎን በዘይት አርሼ ከቧንቧ ዕቃ በቆረጥኩት ጠፍጣፋ ናስ ፋቅኩት። ናስ የሚላጠውን ዝገት ለማንሣት ይበቃል፣ ከብረት ግን ይላላል፤ ስለዚህ ዝገቱን አንሥቶ በርሜሉን ሳይጭር ያልፋል። በርሜሉንና ሰደፉን የሚያያይዙትን ሁለት ቀለበቶችና ትናንሽ ብሎኖች ደግሞ በንጹሕ ውሃ አፈላኋቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲፈላ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ በለስላሳ የሽቦ ጥጥ ጠረግ አድርጎ በትኩሱ ዘይት መቀባት ነው። ልጁ ይህን ሲያይ የጫረውን ስንዝር እንዲሁ እንድመልስለት ለመነኝ። ግራይንደር የወሰደው ብረት አይመለስም። አደብዝዤ ዘይት ቀባሁት፤ እስከ ዛሬ ነጣ ብሎ ይታያል፤ የእሱ ማህተም ነው።

የበርሜሉ ውስጥ ጎድጉዷል። ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ የሚተወው እድፍ እርጥበት ይስባል፤ በውሃ ካልታጠበ በቀናት ውስጥ ብረት መብላት ይጀምራል። ጎድጓዳው ሲታይ የመጨረሻው ተኩስ ያልታጠበለት ጠመንጃ ነው። መታጠቢያ ጊዜ የሌለው ተኩስ ምን ዓይነት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ጎረቤት የሆኑ አንድ ሰውዬ ሲያልፉ «ታዲያ የዘመኑን ጥይት እንዲጎርስ አድርገህ አሻሽለው እንጂ» አሉ። ሐሳቡ ሞኝ አይደለም፤ ፈረንሳዮች ራሳቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የግራን በርሜል ወደ 8 ሚሊሜትር ለውጠዋል። ግን ያ በፋብሪካ፣ በአዲስ በርሜል ነው። የውጅግራን መቀርቀሪያ በተኩስ ጊዜ ገትሮ የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ነው፤ ብረቱም ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠራ፣ 140 ዓመት ያለፈው። ፈቃዱ ቢኖር እንኳ ያንን የሚተኩስ ሰው ከኋላው ያለው የገዛ ፊቱ ነው።

ወደ እንጨቱ ልምጣ፤ ክርክሩ የነበረው እሱ ላይ ነው።

ሰደፉ ዋልነት ነው፤ ፋብሪካው የገጠመለት። የፊተኛው ጫፍ አንድ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ግን ወይራ ነው፤ አገር ውስጥ የተቀጠለ፣ በጥሩ እጅ። አንገቱ ላይ፣ ቃታው ኋላ ባለው ቀጭን ቦታ፣ ሰደፉ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ላይ ጥሬ ጠፍር ዘጠኝ ዙር ተጠምጥሞበታል። ጠፍር እርጥብ ሆኖ ይጠመጠማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ እንደ ብረት ቀለበት ይጨመድዳል። ልጁ ዕቅዱ ጠፍሩን ቆርጦ ስንጥቁን በኮላ መግጠምና ሰደፉን በሙሉ ቨርኒሽ መቀባት ነበር። የቀኙን ጎን ቀብቶም ነበር፤ እንደ አዲስ አበባ ሶፋ ያብረቀርቃል።

«ጠፍሩ አስቀያሚ ነው እኮ ጋሼ» አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እማሆይ ገቡበት። ጠፍሩ ሲጠመጠም አይተዋል። ጠላት በወጣ ሰሞን ነው፤ እሳቸው የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ናቸው። አባታቸው ጠፍሩን በገንዳ ዘፍዝፎ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ እየጠመጠመ፣ አትንኪው እስኪደርቅ ብሎ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። «ከራስ አበበ ጋ ሲዋደቅ ነው የተሰበረው» አሉ። በመንዝ የዚያ ዘመን አርበኛ ሁሉ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ነበር፤ ሰው ፈገግ ይላል። ነገር ግን ራስ አበበ አምስቱንም ዓመት በእነዚህ ተራሮች ላይ ስለኖሩ አብዛኛው እውነት ነው።

ጠፍሩ አልተቆረጠም። ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ በጣም ጥቂት ንጹሕ ሰም በለበሰ ጨርቅ አሸሁት፤ በዘይት አልነካሁትም፣ ዘይት ካራሰው ይለሰልስና ይላላል። ቨርኒሹን በቲነርና በጥጥ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በነፋስ ላይ ተቀምጬ አነሣሁት። ሁለት ቀን ፈጀ። ከሥሩ የወጣውን የአሮጌ ስብ ቀለም እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ ነው፤ ሁሉን ግን አላተረፍኩትም። ከዚያ የተልባ ዘይት፤ ተልባው የዚያው ቀበሌ ነው። በጣም ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ትርፉን ጠርጎ፣ ማድረቅ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ልጁ ጨርቁን ጨብጦ ገለባ ላይ ወርውሮት ነበር፤ አስነሣሁትና ድንጋይ ላይ አሰጣው።

ማህተሙ የወጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። መቀርቀሪያው ባለበት ብረት ጎን ላይ ጠመኔ አሽቼ የእጅ ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርጌ ስይዘው ፊደሎቹ ከጥላቸው ጋር ተነሡ፦ «ማኑፋክቱር ዳርም፣ ሴንት ኤትየን፣ ሞዴል 1874»። ልጁ «ይኸው የተሠራበት ዓመት!» አለ። አይደለም፤ 1874 የሞዴሉ ዓመት ነው። የተሠራበት በርሜሉ ላይ ነው፤ የፋብሪካው የመጀመሪያ ፊደልና 1877።

ልጁ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ፈረንሳይ ነው ማለት ነው» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በዚያ ቤት ሁሉም፣ ትምህርት ቤት ድረስ፣ የሚያወራው ይህ ጠመንጃ ከጣሊያን የተማረከ መሆኑን ነው። በአድዋ የጣሊያን እግረኛ የያዘው ግን ቬተርሊ ነው፤ 10.35 ሚሊሜትር፣ ከሥሩ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና የተጨመረለት። ሁለቱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አያሳስታቸውም።

ለእማሆይ እንዴት እንደሚነገር ልጁ ጨነቀው። እኔም ጨንቆኝ፣ ቡና ሲወርድ ጠብቄ፣ «እማሆይ፣ ይህ ጠመንጃ የጣሊያን አይደለም» አልኳቸው።

«ማን የጣሊያን ነው አለህ?»

«የአድዋ ጠመንጃ ነው ሲባል…»

«የአድዋ ጠመንጃ ነው አልኩ። የጣሊያን ነው አላልኩም። አያቴ ይዞት ዘመተ፣ ይዞት ገባ። እኔ የተባልኩት ይህን ነው።»

ለካ «የአድዋ ጠመንጃ» የሚለውን ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ «ከአድዋ የተማረከ» ያደረጉት። የእሳቸው ትረካ ከማህተሙ ጋር አይጣላም፤ ጠመንጃው ከአድዋ ጦርነት 19 ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ ነው። ማህተሙ መዝመቱን አይመሰክርም፤ መዝመት ይችል እንደነበር ግን ይመሰክራል። በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፦ ብረቱ የሚለውን በአንድ አምድ፣ እማሆይ ያሉትን በሌላ።

የካቲት 23 ቀን ጠመንጃው መቀርቀሪያው ወልቆ፣ በፖሊስ ዕውቅና፣ በልጁ ትከሻ ላይ ወጣ። ጠፍሩን ጠየቁት እንጂ ስንዝሯን ነጭ ያየበት ሰው የለም።

መመለሻዬን በሐምሌ አድርጌ ነበር፤ ክረምት ነው የሚፈትነው። አሁን ምሰሶው ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ያለ አፎት ተሰቅሏል፤ ጭሱም ያገኘዋል። የላይኛው ቀለበት ሥር ጤፍ የምታክል ቀይ ነጥብ አገኘሁ፤ ቀለበቱን ስገጥም ቸኩዬ ዘይት ያላደረስኩበት ቦታ ነው። የባሰው ሽታው ነው። ትቼላቸው የሄድኩት ሰም እንዳለ ተቀምጧል፤ እማሆይ ጠመንጃውን በቅቤ አሽተውታል፣ ብረቱንም እንጨቱንም፣ አባታቸው እንደሚያደርገው። ቅቤ ሲከርር ብረት ይበላል። ብረቱን በነጭ ጋዝ ጠርጌ እንደገና ዘይት ቀባሁት፤ እንጨቱን ግን እሳቸው እያዩኝ ነበርና ተውኩት።